አንጃሊ ሙድራ
አንጃሊ ሙድራ በዮጋና በህንድ ባህል ሁለት መዳፎችን ደረት ላይ ገጥሞ አክብሮት የሚገለጽበት የእጅ ምልክት ነው። ጣቶች ወደ ላይ ይቀናሉ፤ አውራ ጣቶች ደረትን ይነካሉ፤ ራስ በጥቂቱ ዝቅ ይላል። መዳፎቹ ግን ጥብቅ ብለው አይጣበቁም፣ በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት ይተዋል። የእጆቹ ከፍታ ትርጉም አለው፤ ጥንታዊው የትወናና የውዝዋዜ መጽሐፍ ናትያ ሻስትራ ለአማልክት ራስ ላይ፣ ለታላላቆች ፊት ላይ፣ ለወዳጆች ደረት ላይ እንዲሆን ያዛል። «የፀሐይ ሰላምታ» የተባለው የዮጋ ተከታታይ እንቅስቃሴ በዚህ ምልክት ተጀምሮ በዚሁ ያበቃል። በብዙ የዮጋ ክፍሎች መምህርና ተማሪ ሲለያዩ በዚሁ ምልክት «ናማስቴ» ይባባላሉ፤ በህንድና በኔፓል ግን ይህ ከሁሉ በፊት የዘወትር ሰላምታ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በኮሮና ስጋት መጨባበጥ ሲቀር፣ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን የስፔንን ንጉሥና ንግሥት የተቀበሉት በዚሁ ምልክት ነበር።