በፊኛ ውስጥ የሚዋኙ መድኃኒት አጓጓዦች፦ ድሉ የሞተሩ ነው ወይስ የቦታው?

በ2016 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የዋረን ቻን ቤተ ሙከራ የአሥር ዓመት ጥናቶችን ፈትሾ ያወጣው አኃዝ ለዘርፉ ባለሙያዎች መራር ነበር። ለካንሰር ሕክምና ወደ ደም ከሚወጋው ናኖ ቅንጣት ዕጢው ዘንድ የሚደርሰው፣ በጥናቶቹ መካከለኛ ዋጋ (ሚዲያን)፣ 0.7 በመቶ ብቻ ነው፤ ከቀረው ብዙውን ጉበትና ጣፊያ ያስቀሩታል። በራሱ ኃይል የሚንቀሳቀስ አጓጓዥ የመሥራት ምኞት ጉልበት ያገኘውም ከዚህ ዓይነቱ ጉድለት ነው።

ምኞቱን ግን ፊዚክስ ይፈትነዋል። የፊዚክስ ሊቁ ኤድዋርድ ፐርሰል በ1977 እንዳስረዳው፣ ለባክቴሪያ ውሃ እንደ ማር የወፈረ ነው፤ መቅዘፏን ካቆመች የአቶም ስፋት እንኳ ሳትንሸራተት ባለችበት ትቀራለች። ዲያሜትሩ 450 ናኖሜትር የሆነ ቅንጣት ደግሞ የውሃ ሞለኪውሎች ስለሚገፈትሩት ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ አቅጣጫውን ይስታል። በትልልቅ የደም ሥሮች ፍሰቱ በሰከንድ በሴንቲሜትር ሲለካ በራሳቸው ኃይል የሚንቀሳቀሱት ቅንጣቶች ፍጥነት የሚለካው በማይክሮሜትር ነው። ስለዚህ «ቅንጣቱ ዕጢውን ፈልጎ ይዋኛል» የሚለው የጋዜጣ አባባል ከእውነቱ የራቀ ነው።

የባርሴሎናው የሳሙኤል ሳንቼዝ ቡድንና አጋሮቹ የመረጡት ቦታ ግን ብልህነት የታየበት ነው። የሽንት ፊኛ ዝግ ከረጢት ነው፤ ነዳጁም፣ ማለትም ዩሪያው፣ እዚያው ሞልቷል። ተመራማሪዎቹ ባለ ቀዳዳ የሲሊካ ቅንጣቶችን ዩሪያን እየሰበረ በሚገፋቸው ዩሬዝ በተባለ ኢንዛይም ሸፈኑ፣ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ጫኑባቸው፣ ከዚያም የፊኛ ካንሰር ወዳለባቸው አይጦች ፊኛ አስገቧቸው። በ2024 በኔቸር ናኖቴክኖሎጂ ባወጡት ውጤት መሠረት በአንድ መጠን ብቻ ዕጢዎቹ 90 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል።

ቅንጣቶቹ ዕጢውን የሚለይ ፀረ እንግዳ አካል አልነበራቸውም። ታዲያ እንዴት ወደ ዕጢው ዘልቀው ገቡ? ኢንዛይሙ ዩሪያን ሲሰብር አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያውም የአካባቢውን ፒኤች ከፍ ያደርጋል። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እንደሚገምቱት ይህ በዕጢው ሴሎች መካከል ያለውን መረብ ሳያላላ አይቀርም። እኔ እዚህ ላይ እቆማለሁ፦ የሞተሩ ጭስ ከመዋኘቱ ያልተናነሰ ሥራ ሠርቶ ይሆናል። ሁለቱን ለመለየት ፒኤች ሳይቀይር ቅንጣቱን የሚያንቀሳቅስ ሌላ ሞተር በዚያው ፊኛ ውስጥ መፈተሽ አለበት።

የመጠኑ ነገርም አለ። የአይጥ ፊኛ ከአንድ ሚሊ ሊትር በታች ሲይዝ የሰው ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ቀጣዩ ሙከራ መካሄድ ያለበት ፊኛቸው ለሰው በሚቀርብ ትልልቅ እንስሳት ላይ ነው፤ እስከዚያው ድረስ የፊኛውን ውጤት ለደም ሥር ሕክምና ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይገባም።