እንዶድና የዓድዋ አጣቢዎች

ሣሙና በገበያችን ሳይበዛ በፊት የነጭ ሸማችን ንጣት በማን ይጠበቅ እንደ ነበረ ታስታውሱ ይሆናል። በየዓጥሩና በየጥሻው ተጠምጥሞ የሚያድግ፥ ጥቃቅን ነጣ ያሉ አበቦችን በዘለላ የሚያወጣ፥ እንዶድ የሚባል ቁጥቋጦ ነው። ከትግራይ ደጋ አንሥቶ፥ ዲላና ፍስሐ ገነት ይተዳደሩበት እስከ ነበረው እስከ ቀድሞው ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ድረስ ይገኛል። ፍሬው ሳይበስል ተለቅሞ ይደርቃል፤ ተወቅጦም ውሃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል። የባህል ሐኪሞች ለሆድ ትልና ለሌላም ደዌ ሲያዙት ኖረዋል፤ ዳሩ ግን መጠኑ ካለፈ መርዝ ነውና ልምድ የሌለው ሰው ባይደፍረው ይሻላል። የዛሬው ነገራችን ግን የሚጀምረው ከልብስ አጣቢዎች ዘንድ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ወጣቱ ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ ለመመርመር ዓድዋ ነበሩ። የዚህ በሽታ ተውሳክ በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ገላ ካልተራባ ወደ ሰው ሊተላለፍ አይችልም፤ ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት የበሽታውን መንገድ መዝጋት ነው። ዶክተሩ በወንዙ ዳር ሲመላለሱ፥ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ፥ ከሌላው የወንዙ ክፍል ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። አረፋውን በሕያዋኑ ላይ ቢፈትኑት እነርሱም ሞቱ። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ወንዝ ዳር ስንቱ ሰው አልፎ ይሆን?

ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በዓድዋ ውሃዎች እንዶድ እየተጨመረ በተደረገው ሥራ፥ ከ1 እስከ 5 ዓመት ካሉት ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 ወደ ከመቶ 7 ዝቅ አሉ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ከብዙ ዓይነት እንዶድ መካከል ኃይለኛ የሆነውን፥ ቁጥር 44 የተባለውን መረጡ። ይሁን እንጂ የውጭ አገር ባለሙያዎች በኢትዮጵያ የተደረገውን ምርመራ እንዳለ ለመቀበል አልወደዱም፤ እንደ ገና በእነርሱ ወግ ይፈተን እያሉ ዓመታት አለፉ። በ1989 ዓ.ም. ሁለቱ ሊቃውንት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ትንሽ ዛጎል ለባሽ ፍጥረት ተባዝቶ ሲያስቸግር፥ እንዶድ ይህንንም እንደሚገድል በኦሃዮ በሚገኘው በቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ተረጋገጠ፤ የአጠቃቀሙም ባለመብትነት በዚያው ዩኒቨርሲቲ ስም ተመዘገበ። በሕግ ረገድ ነገሩ የጸና ይሆናል። እናንተ ግን የመሥሪያ ቤት ሰዎች ናችሁና ፋይል ያልተከፈተለት ጉዳይ ምን ዕድል እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ፤ ፍሬውን ለቅመው፥ ወቅጠው፥ በጉልበታቸው ተንበርክከው ሲያጥቡ ለኖሩት እናቶቻችን ማን መዝገብ ከፈተላቸው?

ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዓ.ም. ዐረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።