የመሳቢያ አሠራርና ልክ አወጣጥ በወላይታ ሶዶ የአየር ጠባይ

በቤት ዕቃ ውስጥ እንጨት ከእንጨት ጋር እየተፋተገ በየቀኑ የሚመላለሰው መሳቢያ ላይ ነው። በኮሞዲኖ፣ በቡፌ ወይም በቁም ሳጥን ውስጥ የተገጠመ መሳቢያ ሲጠብ አልሳብ ይላል፤ ሲላላ ደግሞ እየተጣመመ መንገድ ላይ ይነክሳል። ልኩን የባለሙያው እጅ ቢያወጣውም የሚፈትነው የአየሩ እርጥበት ነው።

ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ዝናቡ በበልግም በክረምትም ስለሚጥል ከመጋቢት እስከ መስከረም አየሩ እርጥብ ነው፤ በበጋ ይደርቃል። እንጨት በእርጥብ አየር ያብጣል፣ በደረቅ አየር ይኮማተራል። በቃጫው ርዝመት የሚታየው ለውጥ እዚህ ግባ አይባልም፤ በስፋቱ ግን ጉልህ ነው። ስፋቱ 20 ሴ.ሜ የሆነ ጣውላ አንድ በመቶ ቢያብጥ 2 ሚ.ሜ ይጨምራል፤ መሳቢያን ቤቱ ውስጥ ለማጣበቅ ይህ ይበቃል።

ለዚህ ሥራ ከሚመረጡት እንጨቶች ዋንዛ ቀዳሚ ነው። ለመላጊያና ለመሮ ይመቻል፣ ከደረቀ በኋላም ቅርጹን ይጠብቃል። በወላይታ ገበሬዎች ጓሮ ከእንሰትና ከቡና ጋር ይበቅላል። ከመንግሥት ደን ዋንዛን መቁረጥ በአዋጅ ቁጥር 94/1986 ተከልክሎ ነበር። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅና ስለሚጣመም ለስስ የመሳቢያ ጎን አይመችም። ጣውላው በመሃሉ ዘንግ እየገባበት በጥላ ተደርድሮ መድረቅ አለበት፤ በተለምዶ ለ25 ሚ.ሜ ውፍረት አንድ ዓመት ይታሰባል።

የመሳቢያው ፊት ከ18 እስከ 20፣ ጎኖቹ ከ10 እስከ 12 ሚ.ሜ ውፍረት ይኖራቸዋል። ፊትና ጎን የሚያያዙት ጫፉ ሰፍቶ ሥሩ በሚጠብ ጥርስ ነው፤ መሳቢያው ሲሳብ ጥርሱ ይበልጥ ይነክሳል እንጂ አይላቀቅም። ከፊት በኩል ጥርሱ እንዳይታይ የፊቱ ውፍረት በከፊል ብቻ ይቦረቦራል። የወለሉ ቃጫ ከግራ ወደ ቀኝ ይዘረጋል። በዚህ አቀማመጥ ወለሉ ሲያብጥ ወደ ኋላ ይሰፋል፣ ጎኖቹንም አይገፋም። ወለሉ በጎኖቹና በፊቱ ውስጥ በተቦረቦረ ቦይ ከጀርባ በኩል ተንሸራቶ ይገባል፤ ጀርባው ከወለሉ በላይ ስለሚቆም መንገዱን አይዘጋም። ወለሉ ኮላ አይነካውም፤ በሞላላ ቀዳዳ በገባ አንድ ብሎን ከጀርባው ጋር ይያዛል።

ልክ ማውጣት የሚጀምረው ከመገጣጠም በፊት ነው። ፊቱ ቤቱን እስኪሞላ እየተላገ ይሞከራል፤ ጎኖቹም እንዲሁ በየቦታቸው ይገባሉ። ጀርባው ከፊቱ በአንድ ሚ.ሜ ገደማ ያጥራል፤ መሳቢያው ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር እንዲቀለው ነው። የፊቱ ቃጫ ወደ ጎን የተዘረጋ በመሆኑ በግራና በቀኝ የሚተወው ክፍተት በየትኛውም ወቅት ጠባብ ሊሆን ይችላል። በወቅቱ የሚወሰነው የላይኛው ክፍተት ብቻ ነው፤ ጎኖቹም ፊቱም የሚያብጡት ወደ ቁመታቸው ነውና። በጥር የሚሠራ መሳቢያ ከላይ ሰፋ ያለ ክፍተት ይተውለታል፤ በሐምሌ የሚሠራው አብጦ ስለሚገኝ ጠበቅ ተደርጎ ይላጋል።

መሳቢያው የሚሄድባቸው ዘንጎች እንደ ወይራ ካለ ጠንካራ እንጨት ቢሠሩ ቶሎ አይበሉም። ከጎኖቹ በላይ የሚገጠመው ሌላ ዘንግ መሳቢያው ሲሳብ ፊቱ እንዳይዘቀዝቅ ያግደዋል። የሚፋተጉት ጠርዞች ሰም ይቀባሉ፤ ቫርኒሽ ግን ስለሚይዝ አይነካቸውም። በልኩ የወጣ መሳቢያ በአንድ ጣት ሲገፋ ሳይነክስ እስከ መጨረሻው ይገባል።