የእናቴ ባኞ

ባኞ የተሠራው ሰው እንዲታጠብበት ነው ይባላል። እኛ ቤት ያለው ግን ሰው ገብቶበት አያውቅም። ሥራው ውኃ መያዝ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ሳልነግረው ያውቀዋል፦ ሐሙስ ሌሊት ቧንቧው ያንኮራፋል፣ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ድፍርሱን ያስቀድማል። የጠራው ሲመጣ የሚጠጣውን በጀሪካን፣ የቀረውን በባኞው ሞልተን እስከሚቀጥለው ሐሙስ በጣሳ እየጨለፍን እንኖራለን።

ታዲያ በዓመታት ብዛት ባኞው ወገቡ ላይ መቀነት አወጣ። ውኃው በሚቆምበት ልክ የተሰመረ፣ ዝገት የመሰለ መቀነት። እናቴ በሳሙና ፈተገችው፣ በአመድ ሞከረችው፣ በሎሚ አሸችው። ንቅንቅ አላለም። እንግዳ ሲመጣ ቀድማ የባኞ ቤቱን በር መዝጋት ሆነ ሥራዋ።

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ባኞው ተሟጦ ባለቀበት ረቡዕ፣ ከሱቅ አሲድ ገዝታ መጣች። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የተቀዳ፣ ምንም ያልተጻፈበት፣ ሽንት ቤት ለማጽዳት የሚሸጠውን። ባለሱቁ «በውኃ ያቅጥኑት» ብሏት ነበር። እሷ ደግሞ የባለሱቅ ምክር ዕቃ ለመቆጠብ ነው ብላ የምታምን ሴት ናት። ባታምን ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ! እንዳለ ገለበጠችው፤ አሳደረችው። ጠዋት መቀነቱ ሳስቷል እንጂ አልጠፋም። «ይሄማ ማሳረጊያ ይፈልጋል» ብላ በላዩ ላይ በረኪና ጨመረች።

አድምጡኝማ፤ ከዚህ ታሪክ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህቺን ያዙልኝ። አሲድና በረኪና ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሳሏን ሰምቼ ስደርስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ግድግዳውን ትዳብሳለች። ደግፌ በረንዳ አወጣኋት። ጎረቤት ወተት ይዞ ሮጠ፤ እሷን ያዳናት ግን አየር ነው።

ትንፋሿ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀችው «መቀነቱ ለቀቀ?» ብላ ነው።

ለቋል። ባኞውም አብሮ ወዙ ተሟጧል። ወለሉ ጠመኔ የተቀባ መሰለ፤ በእጅ ሲዳሰስ የበግ ምላስ ነው። ውኃ ሲደፋበት ያበራል፤ እናቴ እልል ልትል ትደርሳለች። ሲደርቅ ግን ከወንዝ እንደወጣ ጠጠር ተመልሶ ይፈዛል።

የቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ገና ሳያጎነብስ «ይቀየር» አለ። መቀየር ማለት ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ለአራት ሰው ማሸከም፣ ሴራሚኩንም ማፍረስ ነው። እሱን ሸኝቼ ከሰፈራችን ጋራዥ መኪና የሚቀባ ልጅ ይዤ መጣሁ።

ልጁ ከተበላሸ ስፒከር የወጣች ማግኔት ከኪሱ አውጥቶ ባኞው ላይ ለቀቃት። ጧ! ብላ ተለጠፈች።

«ብረት ነው» አለ፣ ቅር ብሎት። «ፕላስቲክ ቢሆን ኖሮ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከ600 ጀምሬ በ1000፣ ከዚያ በ2000፣ በውኃ እያሸሁ በመኪና ፖሊሽ አበራው ነበር። ፕላስቲክ እስከ ውስጡ አንድ ዓይነት ነው።»

«የዚህስ?»

መልስ አልሰጠኝም። ከጆሮው ላይ እርሳስ አወረደና አሲዱ ካልነካው ጠርዝ እስከ ፈዘዘው ወለል አንድ ረጅም መስመር አሰመረ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጠረገው። ጠርዙ ላይ ያለው መስመር ድራሹ ጠፋ። ወለሉ ላይ ያለው ግን እንደተሰመረ ቀረ። እናቴ ጨርቁን ተቀብላ ደግማ ጠረገች፤ ምንም።

«አዩ እማማ፣ ይሄ ላዩ መስታወት ነው። አሲዱ ቆዳውን በልቶት በዓይን የማይታይ ጉድጓድ አበጅቷል። እርሳሱም የተደበቀው እዚያ ነው፤ እድፉም የሚደበቀው እዚያ ነው።»

እውነቱን ነው። የብረት ባኞ ልብሱ የመስታወት ዱቄት ነው፤ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ግለት ቀልጦ ብረቱ ላይ የተጣበቀ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም የማይርቅ። ይህን ልብስ ለብረት ማልበስን ካሻሻሉት አንዱ ትውልዱ ስኮትላንድ የሆነው የዲትሮይቱ ዴቪድ ቢዊክ ነው። ኋላ የባኞውን ንግድ ትቶ ወደ መኪና ዞረ፤ በፈረንጆች 1903 በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ መሠረተ። እሱ ከባኞ ወደ መኪና ሄደ፣ የኛ ልጅ ከመኪና ወደ ባኞ መጣ። መስታወቱን እቤት ማቅለጥ ስለማይቻል የቀረው በላዩ መቀባት ነው።

ማክሰኞ ዕለት ቀለሙን ይዞ፣ አፍንጫውን በሻርፕ ጠቅልሎ መጣ። «ማስክህስ?» ብለው «ይበቃኛል» አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ2000 እስከ 2011 ባኞ የሚያድሱ 13 ሠራተኞች በቀለም ማስለቀቂያ፣ በሜቲሊን ክሎራይድ፣ ታፍነው እንደሞቱ ነገርኩት። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ገንዳው ውስጥ እንደ ውኃ ይተኛል፤ ሠራተኛው ደግሞ አንገቱን የሚደፋው እዚያው ነው። የእሱ ቀለም ሌላ ቢሆንም ማጠንከሪያው ለሳንባ አይመችም። ትንሽ አሰበና ጋራዥ ተመልሶ ባለማጣሪያውን ማስክ አመጣ።

ያረጀውን ሲሊኮን በምላጭ አነሳ። ቅባቱን አጠበ። ወለሉን በብርጭቆ ወረቀት አሻከረ፤ ማፍሰሻው አጠገብ የተሸረፈውን በስቱኮ ደፈነ። ከዚያ ሁላችንንም አስወጥቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ለቀለሙ መያዣ የሚሆነውን ቅብ ቀባ፤ ነጩን ቀለም ከማጠንከሪያው ጋር በጥብጦ፣ እያደረቀ ሦስት ጊዜ ነፋው።

«ሰባት ቀን ውኃ እንዳይነካው» አለ ሲወጣ። «ሽቦ የሚባል አይቅረበው፤ በስፖንጅ ብቻ። የሚጠጣ ውኃም አይቀዳበት።»

ሰባት ቀን! ሐሙስ ሌሊት ቧንቧው ሲያንኮራፋ እናቴ ጋቢዋን ደርባ ተነሳች። ጀሪካኑ ሞላ፣ ባልዲው ሞላ፣ ድስቱ፣ የጠላው ጋን ሳይቀር ሞላ። ነጩ ባኞ ደረቅ ሆድ ይዞ ያያታል። ያን ሳምንት ልብስ አልታጠበም።

በሁለተኛው ሐሙስ ባልዲ ይዤ ስደርስ ባኞው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። በእጇ የእህቴን ልጅ እርሳስ ይዛለች። ከወለሉ ላይ አንድ መስመር አሰመረች፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ጎንበስ ብላ በእጅ ባትሪ አየችው።

«ክፈተው» አለችኝ።