ፊትን ወጥሮ ማርጋት

«ክር ማንሳት፣ የመውረጃ ጊዜ የሌለው» የሚል የውበት ማስታወቂያ አንብቤ ግራ ገባኝ። የሚነሳው ክሩ ነው? ከየት ወድቆ? የሚወርደውስ ማን ነው? እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ሰው ሚስጥሩ ቀላል ነው፤ «ትሬድ ሊፍት» እና «ዳውንታይም» ቃል በቃል ተገልብጠው ነው። አማርኛ ብቻ የሚያነበው ግን ገንዘቡንም ፊቱንም የሚሰጠው ምን እንደሚደረግለት ሳይገባው ነው።

«ፊት ማንሳት» የሚሉም አሉ። እሱማ ከ«ፊት መንሳት» የሚለየው በአንድ ፊደል ነው። ፊት የነሳን ሰው ያኮረፈን፣ ጀርባውን የሰጠን ነው። ለሰው ፊት ውበት እንጨምራለን የሚል ባለሙያ ከኩርፊያ ጋር የሚምታታ ስም ባይመርጥ ይሻለዋል።

ነገሩን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። ሐኪሙ ፊቱን ያደነዝዝና በቀጭን መርፌ ከቆዳ ሥር ክር ያስገባል፤ ክሩ ላይ ያሉት ጥቃቅን እሾሆች የላላውን ሥጋ ይዘው ወደ ላይ ይስቡታል። ዛሬ በብዛት የሚሠራባቸው ክሮች በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚሟሙ ናቸው። ፖሊዳያክሳኖን የሚባለው በ6 ወር ገደማ ይሟሟል፤ ፖሊላክቲክ አሲድና ፖሊካፕሮላክቶን ከዚያ ይቆያሉ። ውጤቱም ከክሩ ጥቂት ሊሰነብት ይችላል እንጂ ዘላለማዊ አይደለም።

ወደ ስሙ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ባለ እሾህ ክርን ለፊት ካስተዋወቁት አንዱ ሐኪም ማርለን ሱላማኒድዜ ክራቸውን «አፕቶስ» አሉት፤ «ፀረ ፕቶሲስ» ከሚለው አሳጥረው። ፕቶሲስ የግሪክ ቃል ነው፤ መውደቅ ማለት ነው። ለግሪክ ፊት ይወድቃል እንበል። በአማርኛ ግን ገመድም፣ የከበሮ ቆዳም፣ ጉንጭም ሲላላ የምንለው አንድ ቃል ነው፤ ረገበ እንላለን። የረገበ ነገር ደግሞ ይወጠራል እንጂ አይነሳም። ስለዚህ የኔ ምርጫ «የክር ውጠራ» ነው። ከፈለገ ፍለጋ፣ ከጠገነ ጥገና እንደወጣ፣ ከወጠረ ውጠራ ይወጣል።

ሌሎቹንም አማራጮች ሳላይ አልፈረድኩም። «ክር» ራሱ የ«ከረረ» ዘመድ ነውና «ፊት ማክረር» ማለት ያምር ነበር፤ ግን «አክራሪ» ቀድሞ ቤቱን ይዞበታል። «ጥልፍ» መርፌም ክርም አለው፤ ጎረቤቱ «ጠለፋ» መሆኑ ነው ክፋቱ። የዘመመ ቤት ይቀናልና «ማቅናት» የሚል ሐሳብም መጥቶልኝ ነበር፤ ስም ሲሆን «ቅናት» ሆኖ አረፈው።

«ውጠራ ውጥረትን ያስታውሳል» የሚል ይኖራል። ያስታውስ! የተሠራላት ሴት የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚሰማት ያው የመወጠር ስሜት ነው። በዚያ ላይ የተወጠረ ነገር ውሎ አድሮ እንደሚረግብ ሁላችንም እናውቃለን። ስሙ ከማስታወቂያው ይልቅ እውነቱን ይናገራል ማለት ነው።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን «የመውረጃ ጊዜ» ነው። ስለ መዳን አማርኛ መች ቃል አጥቶ ያውቃል? የታመመ ይሻለዋል፣ ያገግማል፣ ይድናል፤ ቁስል ይደርቃል፣ ይጠግጋል፣ ይሽራል። እያንዳንዱ የየራሱ ደረጃ አለው። እዚህ ላይ «ማገገም» ብንል አንሳሳትም፤ ግን ቃሉ ከሕመም ለተነሳ ሰው ነው፣ የክር ውጠራ ያሠራች ሴት ደግሞ አልታመመችም። «መጠገግ» የሚስማማው መርፌው ለገባበት ቀዳዳ ብቻ ነው፤ እሱም በጥቂት ቀናት ይደፈናል። ዋናው ጉዳይ ከቆዳው ሥር ነው፤ ክሩ በያዘው ቦታ መርጋት አለበት። ወተት እስኪረጋ ዕቃውን የሚነቀንቅ የለም። ስለዚህ «የመርጊያ ጊዜ» እንበለው። «የመውረጃ ጊዜ የለውም» ብሎ የጻፈ ሰው «የመርጊያ ጊዜ የለውም» ብሎ ለመጻፍ እጁ ይከብደዋል፤ ውሸቱ ወዲያው ይታወቅበታላ።

መርጋት የሚለው ቃል ጥንቃቄውንም አብሮ ያስተምራል። እብጠቱና ብልዘቱ፣ አንዳንዴም ቆዳው ላይ የሚታየው መሸብሸብ፣ ብዙውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይቀንሳል። ክሩ እስኪረጋ ድረስ ትራስ ከፍ አድርጎ በጀርባ መተኛት፣ ፊትን አለማሸት፣ ከሳውናና ከከባድ ስፖርት መራቅ፣ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮን ማራዘም ያስፈልጋል። ይህን የውጭ አገር መመሪያም ይለዋል። የኛ ሰው ፊት ግን ሌላም ሥራ አለበት። አፍ የሚያስከፍት ትልቅ ጉርሻ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ቆሎ መቆርጠም፣ ሰርግ ላይ እልል ማለት፣ ከዘመድ ጋር ጉንጭ ለጉንጭ እየተጋጩ ሦስት አራት ጊዜ መሳሳም፣ ሁሉም የሚነቀንቁት ያንኑ ክር ነው። መርፌው አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በጆሮ ግንድ አካባቢ ነውና፣ ጠጉርን ከሥሩ እየሳበ የሚጠብቅ ሹሩባም ይቆይ። አክስት «ጉንጬን አትንኪኝ» ስትባል ትቀየም ይሆናል፤ «ገና አልረጋም» ብትባል ግን ይገባታል።

የማይረጋውንም መለየት ነው። ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከባሰ፣ ቦታው ከቀላና ከጋለ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ የፊት አንዱ ጎን አልታዘዝ ካለ ቶሎ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። የክሩ ጫፍ ብቅ ካለም ሐኪም ያየዋል እንጂ በጣት አይጎተትም።

ይህ ሁሉ ለቃል ብቻ የሚደረግ ክርክር እንዳይመስላችሁ። መርፌው ከመግባቱ በፊት የሚፈረም ወረቀት አለ፤ እዚያ ላይ የሚጻፈው አማርኛ ለፈራሚዋ ካልገባት ፊርማዋ ፈቃድ አይባልም። ክሊኒኮች ወረቀታችሁን በሚገባን ቋንቋ ጻፉልን። እናንተም ቀጠሮ ስትይዙ «የመርጊያ ጊዜው ስንት ቀን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የቀኑ ቁጥር ካልተነገራችሁ ሒሳብ አትክፈሉ።