የአክሱም ጥቃቅን የነሐስ መሐለቆች

በሞላሌ የድሮ ገንዘብ ሲነሣ የሚታወሰው ማርትሬዛ ብር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቢታሰብ አሞሌ ጨው ነው። ይሁን እንጂ ከሁለቱም እጅግ ቀደም ብሎ አገራችን የራሷን ገንዘብ ታትም ነበር። የአክሱም ነገሥታት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፣ ወርቅና ብር ማተም ጀመሩ፤ ነሐሱም ተከተለ። ስለ ወርቁ ብዙ ተጽፏል። የተራው ሰው ገበያ የሚነበበው ግን በነሐሱ ነው።

የብዙዎቹ ስፋት ከ15 ሚሊሜትር እምብዛም አይርቅም። ለመለየት አስቀድሞ ምልክቱ ይታያል፤ ጨረቃና ክበብ ያለበት ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት፣ መስቀል ያለበት ከዚያ ወዲህ የታተመ ነው። ቀጥሎ ፊደሉ ይመረመራል፤ በነሐሱ ላይ ግሪክኛው ቀዳሚ ነው፣ ግዕዙ በኋላ የመጣ ነው። የንጉሥ ስም በሌለበት በአንደኛው ዐይነት ላይ በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ምኞት ተቀርጿል።

በአንዳንዶቹ ላይ በመስቀሉ ወይም በንጉሡ ራስ ዙሪያ ስስ ወርቅ ተለብጧል፤ በዚህች ጠባብ ስፍራ ላይ መሠራቱ የእኛን ሙያ ሰው ያስደንቃል። አረንጓዴውን ዝገት በአሸዋ ወይም በአሲድ ለማንጻት የሚቸኩል ሰው ይህን ወርቅ አብሮ ያጠፋዋል።

መሠረትና መንገድ የምናስቆፍረው እኛ ነንና ነገሩ ይመለከተናል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዛል። መሐለቁ ከየትኛው ግድግዳ ሥር፣ ከምን ያህል ጥልቀት እንደ ወጣ ሳይመዘገብ ከተነሣ፣ የንጉሡ ስም ቢነበብ እንኳ የግድግዳው ዕድሜ አይታወቅም።