የግንብ አጥንትና የግንብ ልብስ፦ ስለ ድንጋይ ልባጥ አጭር ታሪክ



እንደሚታወቀው ከወሎ ሰፈር ተነሥቶ በቦሌ መንገድ ወደ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያም ወደ ካዛንቺስ የሚሄድ ሰው ግራና ቀኙን ቢመለከት ከድንጋይ የተሠሩ የሚመስሉ ሕንፃዎች ያያል። ነገር ግን አብዛኞቹ አጥንታቸው አርማታ፣ ሥጋቸው ብሎኬት ነው። ድንጋዩ ከላይ የለበሱት፣ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር የሆነ ልብስ ነው። ይህንን የድንጋይ ልባጥ እንለዋለን። ዛሬ ቤትም ሆነ መስጊድ የሚያሠራ ሰው፣ ይልቁንም በሕዝብ ገንዘብ የሚያሠራ፣ ከዚህ ልባጥ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ስለዚህ ነገሩ ከየት እንደመጣ፣ ምን ጥቅምና ምን አደጋ እንዳለው አብረን እንመልከት።

ድንጋይ ሸክም በተሸከመበት ዘመን

ሰፈራችን ስሙን የወሰደበት የወሎ ምድር በድንጋይ ሥራ የቆየ ነው። በከሚሴ አካባቢ በተራራ አናት ላይ የምትገኘውን የአርጎባዎች መንደር ሾንኬን ያየ ሰው ቤቶቿ ከአካባቢው ድንጋይ ተክበው እንደቆሙ ያውቃል። እዚያ ድንጋዩ ጌጥ አይደለም፤ ጣሪያውን የሚሸከመው፣ ብርዱንና ፀሐዩን የሚመክተው እርሱ ነው። ድንጋዩ ከፈረሰ ቤቱ ፈረሰ ማለት ነው።

አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቤቶቿ በአብዛኛው የእንጨትና የጭቃ ነበሩ። ቀስ በቀስ ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና ጣሊያኖች ከአገሬው ግንበኛ ጋር ሆነው የጥርብ ድንጋይ ግንብ አስፋፉ። ድንጋዩም ከሩቅ አልመጣም። ከተማችን የተቀመጠችው በጥንት እሳተ ገሞራ አለት ላይ ስለሆነ ጥቁሩም ድንጋይ፣ ነጣ ያለውም ድንጋይ ከዙሪያዋ ተፈልጦ ተገኘ። ጠራቢው በመሮና በመዶሻ ያስተካክለዋል፣ ግንበኛው በቱንቢ ያቆመዋል፤ ግድግዳው ወፍራም ነበርና ራሱን ችሎ ይቆማል።

ልባጥ ከየት መጣ?

ስስ ድንጋይን በሌላ ግንብ ላይ መለበጥ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። የጥንት ሮማውያን ግድግዳቸውን በጡብና በኖራ ውሕድ ከገነቡ በኋላ እምነ በረዱን በስሱ እየሰነጠቁ ያለብሱት ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ መልካም እምነ በረድ ውድ ነው፣ ከሩቅ ይጫናል፣ አንዱ ጥርብ ብዙ ገበታ ይወጣዋል።

ይህ ጥበብ በእስልምና ዘመንም ቀጥሏል። በሂጅራ 72 (እ.ኤ.አ. 691/92) በቁድስ የተፈጸመው ቁበት አስ-ሰኽራ የግድግዳው የታችኛው ክፍል በእምነ በረድ፣ የላይኛው በሙዛይክ የተለበጠ ነበር። የውጩ ሙዛይክ በዘመናት ብዛት ስለተጎዳ የኦቶማኑ ሡልጣን ሱለይማን በ16ኛው መቶ ዘመን በቀለማም ሴራሚክ አስተኩት። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ልብሱ ተቀየረ፣ አጥንቱ ግን ቆመ። ልብሱን ለመቀየር የቻሉት ከሥር ያለው ግንብ ጤነኛ ስለነበረ ነው።

ከዚህ ቀደም ብለን ወደ መዲና ብንመለስ ደግሞ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ በመጀመሪያ የጭቃ ጡብና የተምር ግንድ ነበር። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ሲያስፋፉት ሰዎች ከዝናብ እንዲጠለሉ፣ ሰጋጁን በሚያዘናጋ ቀለም ግን እንዳያሸበርቁት ማዘዛቸው በሰሒሕ አል-ቡኻሪ ተዘግቧል። ሰይዲና ዑስማን (ረ.ዐ.) በበኩላቸው በተጠረበ ድንጋይና በጀሶ አሳደሱት። አንደኛው ለጥላው፣ ሁለተኛው ለጥንካሬው አሰቡ። ልባጥ የሚመርጥ ኮሚቴም ከውበቱ በፊት እነዚህን ሁለቱን መጠየቅ ይገባዋል።

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ

በአገራችን የድንጋይ ሥራ የተለወጠው ሲሚንቶና ብረት ሲገቡ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) በድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተቋቋመ። የካዛንቺስ ስምም ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የጣሊያን ድርጅት ምኅጻረ ስም፣ ከ«ካዜ ኢንቺስ» የተገኘ ነው። አርማታው ሸክሙን ሲረከብ ድንጋይ ከአጥንትነት ወደ ልብስነት ወረደ።

በዚያው በካዛንቺስ አጠገብ የሚገኘውን፣ በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ ተመልከቱ። የውጭ ልብሱ ድንጋይ ሳይሆን ትናንሽ ሴራሚክ ነው፤ ቢሆንም የስስ ልብስ ሕግ አንድ ነው። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈት በሚሊዮን የሚቆጠሩት ሴራሚኮች በአዲስ ተተክተው ነበር። እንግዲህ በጥንቃቄ የተሠራ ልብስ እንኳ ዕድሜ አለው።

በዚሁ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ከካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ሲነሡ፣ በመንገድ ዳር የቀሩ ሕንፃዎች ደግሞ ፊታቸውን እንዲያድሱ ተደረገ። ችኮላና ልባጥ ግን አይስማሙም።

የችኮላ ሳይሆን የመረጣ ስሕተት ምን እንደሚያስከትል የአሜሪካ የቺካጎ ከተማ ምሳሌ ናት። ከ80 ፎቅ በላይ የሆነ አንድ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጣሊያን አገር ነጭ የካራራ እምነ በረድ ተለበጠ፤ ገበታዎቹ ከ40 ሺህ በላይ ነበሩ። እምነ በረድ በሙቀትና በቅዝቃዜ መፈራረቅ ውስጡ ይላላል፤ ስስ ሲሆን ደግሞ እንደ እርጥብ ጣውላ ይጎብጣል። ሃያ ዓመት ሳይሞላው ሁሉም ወርዶ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1992 በወፈረ ግራናይት ተተካ። ወጪውም 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ።

እንዴት እንምረጥ? እንዴት እናስለብስ?

1ኛ. ክብደቱን አስሉ። ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚወፍር እምነ በረድ ወይም ግራናይት በካሬ ሜትር 54 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ መቶ ካሬ ሜትር ከአምስት ቶን ይበልጣል። አሮጌ የጭቃ ግድግዳ ይህን አይችልም። ስለዚህ መሐንዲስ ግድግዳውን ሳያይ ድንጋይ አይገዛ።

2ኛ. ድንጋዩን በውሃና በሎሚ ፈትኑት። ውሃ ጠብ ሲደረግበት ወዲያው ጠጥቶ የሚጠቁር ከሆነ የክረምቱንም ዝናብ ይጠጣል። ሎሚ ሲነካው አረፋ የሚያወጣ ከሆነ የኖራ ዘር ወይም እምነ በረድ ነው፤ ለውዱእ ቦታና አሲድ ባለው ማጽጃ ለሚታጠብ ወለል አይመችም። የአምቦ ድንጋይ አሸዋማ ስለሆነ ለመጥረብ ይመቻል፤ ነገር ግን ዘሩ ይለያያልና ጠንካራው ተለይቶ ይመረጥ።

3ኛ. ከአንድ ካባ፣ በአንድ ጊዜ፣ ከመጠባበቂያ ጋር ግዙ። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ቀለም ማግኘት ያስቸግራል።

4ኛ. የሚለበጠው ግድግዳ ንጹሕና ሻካራ ይሁን። ቀለም በተቀባ ልስን ላይ የተለጠፈ ድንጋይ የያዘው ግድግዳውን ሳይሆን ቀለሙን ነው። የድንጋዩ ጀርባ ከመጋዝ ዱቄት ይታጠብ፤ ማልታው ወይም ሙጫው ጀርባውን ሁሉ ይሸፍን እንጂ በአምስት ቦታ ጠብ አይደረግ። ባዶ የቀረው ቦታ ውሃ ያጠራቅማል።

5ኛ. ከሰው ራስ በላይ የሚወጣው ድንጋይ በሙጫ ብቻ አይታመን። በማይዝግ ብረት ከግድግዳው ጋር ይያያዝ። ተራ ብረት ዝጎ ያብጥና ድንጋዩን ራሱ ይሰነጥቀዋል።

6ኛ. ለመተንፈሻ ክፍተት ይተው። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ነው። ከጀርባው የገባ ውሃ መውጫ ካጣ ነጭ ጨው እያስተፋ ድንጋዩን ያላቅቀዋል። የታችኛው ረድፍም ከአፈር ከፍ ይበል።

7ኛ. ከመረከባችሁ በፊት እያንዳንዱን ድንጋይ በእንጨት ዘንግ አንኳኩ። ሙሉ ድምፅ የሰጠው ተይዟል፤ እንደ ባዶ ቅል የጮኸው ይነቀልና እንደገና ይሠራ።

ውድ አንባቢያን፤ ከመስጊድ በር የሚወጣው ሕፃን፣ በግድግዳው ጥግ የሚያርፉት አዛውንት ከላያቸው ያለው ድንጋይ በምን እንደተያዘ አያውቁም፤ አምነው ነው የሚቀመጡት። የምእመናን ገንዘብ አማና እንደሆነ ሁሉ የመንገደኛው ራስም አማና ነው። ስለዚህ ገንዘብ ቢያጥር ልባጡ ይቅር እንጂ ማሰሪያው አይቅር። በደንብ የተለሰነና የተቀባ ግድግዳ ነውር የለበትም። ጥርብ ድንጋይ ያለው አሮጌ ግንብ የደረሳችሁ ከሆነ ደግሞ በስስ ድንጋይ አትሸፍኑት፤ ታጥቦ ክፍተቱ ቢደፈን ከማንኛውም ልባጥ ይበልጣል፤ አጥንቱም ልብሱም እርሱ ነውና።

ወቢላሂ ተውፊቅ።